«እረኛ ምን አለ?» እና «ምን አገባህ?»፦ የማኅበረሰብ ታዛቢ ቃል ከሥነ ቃል እስከ ጦማር

1. መግቢያ

በአማርኛ ሥነ ቃል ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሷቸው አነጋገሮች አንዱ «እረኛ ምን አለ?» የሚለው ነው። በቀድሞው ዘመን ነገሥታትና መኳንንት የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ በፈለጉ ጊዜ እረኞች በየመስኩ ምን እየገጠሙ እንደሚያንጎራጉሩ ያስጠይቁ እንደነበር በትውፊት ይነገራል። በሌላ በኩል በየዕለቱ የምንሰማው «ምን አገባህ?» የሚል ጥያቄ አለ። የመጀመሪያው ጥያቄ ተናጋሪውን ይፈልገዋል፤ ሁለተኛው ያባርረዋል። ስለሚኖርበት ማኅበረሰብ አፍ አውጥቶ የሚናገር ሰው ዕጣ የሚወሰነው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ሰው በአካባቢው የሚሆነውን አይቶና ታዝቦ፣ የታዘበውንም ወደ አደባባይ የሚያወጣበት ቃል በሥነ ቃላችንና በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ምን ዓይነት ቅርፅ ይዞ እንደመጣ ማብራራት ነው። ከዚህም ጋር ዛሬ በአንድ አነስተኛ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ስለዚያችው ከተማ የሚጽፍ ሰው፣ በተለምዶ ጦማሪ የምንለው፣ ከዚህ ቅርስ ምን እንደወረሰና ምን እንደጎደለበት ለማሳየት እሞክራለሁ። ለማሳያነት የአዊ ዞንን ሁለት ከተሞች፣ እንጅባራንና ዳንግላን፣ መርጫለሁ። የመረጥኳቸውም ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባቸው፣ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን የሚነገርባቸውና የቆየ የመሰባሰቢያና የመሸምገያ ልማድ ያላቸው በመሆናቸው ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። በትውፊታችን የታዛቢነት ሥራ ለሦስት ወገኖች የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያጣራል፣ ሦስተኛው ጠይቆ ይሰማል። የዛሬው ጸሐፊ ግን መናገሩንም ማጣራቱንም ብቻውን ተሸክሟል፤ የሚጠይቀው ሰው መኖሩም አጠራጣሪ ነው። ይህም የቃሉን ቅርፅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን ሰዋስው ለውጦታል።

2. ውሻ ወይስ እረኛ?

በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ባለሥልጣንን በዓይነ ቁራኛ የሚከታተል ጸሐፊ «ጠባቂ ውሻ» ተብሎ ይጠራል። ስያሜው ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ወደ አማርኛ እንዳለ ሲመለስ ግን አይመችም። ምክንያቱ ውሻ በቋንቋችን የስድብ ቃል መሆኑ ብቻ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገራችን ከውጪው ዘይቤ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በውጪው አነጋገር ውሻው ሲጮኽ ሌባ መምጣቱን እንረዳለን፤ በእኛ አነጋገር ውሻው ሲጮኽ ማን እንዳበላው እንጠይቃለን። ስለሆነም አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ተናጋሪ ከጥንት ጀምሮ አንድ ጥርጣሬ አስቀምጦለታል ማለት ነው። እርሱም «የማንን በልቶ ነው የሚጮኸው?» የሚለው ሲሆን፣ በየከተማው የሚጽፍ ሰው ሁሉ ዛሬም ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ ይኸው ነው።

ቋንቋችን የጠባቂነቱን ክብር የሰጠው ለውሻው ሳይሆን ለእረኛው ነው። እረኛ ከብት ጠባቂ ነው፤ ከሁሉ ያነሰ፣ ብዙ ጊዜም ሕፃን ነው። ማንም አይቀልበውም፣ ማንም አይፈራውም። ቃሉ የታመነውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ልጅ በመሆኑ የሚያተርፈው የለም፤ ውሎውም ከመንደር ውጪ በመሆኑ የማንም ወገን አይደለም። እግዚአብሔር በሕፃን አፍ ያናግራል የሚለው እምነትም ለዚህ ድጋፍ ሆኖታል።

ሁለተኛው ልንመረምረው የሚገባ ቃል «ታዛቢ» ነው። «ታዘበ» ማለት አየ፣ ተመለከተ፣ ያየውንም በልቡ መዘነ ማለት ነው። «ታዘብኩህ» ስንል አየሁህ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩህ ማለታችን ነው። ይሁንና ታዛቢ በልማዱ ዝምተኛ ነው። «ትርፉ ትዝብት ነው» የሚባለውም ታዛቢው ያየውን በሆዱ ይዞ ስለሚቀር ነው። ጋዜጦቻችን «ትዝብት» የሚል ዓምድ ሲከፍቱ ይህን በሆድ የሚያዝ ነገር ወደ ወረቀት አወጡት። ቃሉ የጽሑፍ ዘር ስም ለመሆን የበቃው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው «ያገባኛል» የሚለው ነው። «ምን አገባህ?» የሚለው ጥያቄ ሥሩ መግባት ነው፤ ወደዚህ ነገር ያስገባህ ምንድን ነው እንደማለት ነው። ስለዚህ «ያገባኛል» የሚል ሰው ወደ ጉዳዩ የመግቢያ በር አለኝ ማለቱ ነው። እረኛው በሩን አልጠየቀም፤ እርሱን ፈልገው የመጡት ሌሎቹ ናቸው። የዛሬው ጸሐፊ ግን ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሩ በር ማንኳኳት አለበት።

3. ተናጋሪ፣ አጣሪ፣ ጠያቂ

ከላይ የጠቀስኳቸውን ሦስት ድርሻዎች በቅደም ተከተል እንመልከት። ተናጋሪው እረኛ፣ አዝማሪ ወይም አልቃሽ ሊሆን ይችላል። የሦስቱም ጋሻ ግጥም ነው። አዝማሪው በጌታው ግብዣ ላይ ጌታውን ቢሸነቁጥ ነገሩ በሰምና ወርቅ የተሸፈነ ስለሆነ ጌታው ሰሙን ሰምቶ ስቆ የማለፍ ዕድል ያገኛል። ተጎጂው የሚቆጣ ከሆነ ወርቁን ራሱ ፈትቶ በራሱ ላይ አወጀ ማለት ነው። ሰም ስለዚህ ለተናጋሪው መከላከያ፣ ለአድማጩ ደግሞ መውጫ ቀዳዳ ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር በመሆኑ ይህን ዓይነቱ አነጋገር በሊቃውንቱ ዘንድ የትምህርት፣ በባላገሩ ዘንድ የጨዋታ መልክ ይዞ ኖሯል።

ጋሻው ግን የሚሠራው ቋንቋውንና ደንቡን ለሚያከብር አድማጭ ብቻ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ ፋሺስቶቹ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እያደኑ እንዲገደሉ አድርገዋል። የሕዝቡን ልብ የሚያሸፍት ቃል ከእነርሱ አፍ ይወጣል ብለው በማመናቸው ነው። ሰሙን ለመስማት ትዕግሥት በሌለው ሥልጣን ፊት አዝማሪ እንደማንም ሰው ራቁቱን ነው።

የማጣራቱ ድርሻ በግልጽ የሚታየው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ነው። ንብረት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ስፍራ እንዲሰበሰብ ይደረጋል፤ የቀረም ይቀጣል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው በአደባባይ ለመናገር ከፈራ «ወፍ» ሆኖ ለተመረጡ ሽማግሎች በምስጢር ይናገራል። ዛሬም ምንጫችንን መግለጥ ሳንፈልግ «ወፍ ነገረችኝ» እንላለን። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሲታይ ወፏ የምትደንቅ ገጸ ባሕርይ ናት። ተናጋሪው አለ፣ ስሙ ግን የለም፤ ቃሉ አለ፣ አፉ ግን አይታይም። ሆኖም የወፏ ቃል ብቻውን ፍርድ አይሆንም። በመካከል ሰሚዎቹ ሽማግሎች አሉ፤ ቃሉን ከሌላ ቃል ጋር ያስተያያሉ፣ ያመዛዝናሉ።

ሥርዓቱ ንጹሕ ነበር ለማለት አልደፍርም። ገበሬውን ለቀናት ከሥራው ያስቀር ነበር፤ ቂም ለመወጣት ወፍ የሆነም አይጠፋም። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ መርሕ ትቶልናል። ስሙን የሸሸገ ሰው መናገር ይችላል፤ ነገር ግን ስሙን የሸሸገ ሰው ቃል ስማቸውን ባልሸሸጉ ሰዎች እጅ ማለፍ አለበት።

ሦስተኛው ድርሻ የጠያቂው ነው። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው አነጋገር ጠያቂ ከሌለው ትርጉም የለውም። እረኛው የቱንም ያህል ቢገጥም የሚልክ፣ የሚሰማና ከሰማው በኋላ የሚያርም ሰው ካልኖረ ግጥሙ በመስኩ ላይ ይቀራል።

4. ቃሉ ወደ ጽሑፍ ሲገባ

በአገራችን የጋዜጣ ታሪክ መነሻ ላይ የምናገኘው ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላይን ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ ስለ አገር ጉዳይ በእጁ እየጻፈ ወረቀት ያሠራጭ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው «አእምሮ» ጋዜጣም ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ እንደነበር ይነገራል። አንድ ሰው ያለ ማተሚያ ቤትና ያለ ባልደረባ የራሱን ሐሳብ በራሱ እጅ ጽፎ ማሠራጨቱ ዛሬ አዲስ ነገር የሚመስለን ብንኖርም፣ የኅትመት ታሪካችን የተጀመረው በዚሁ ዓይነት ሥራ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በ1917 ዓ.ም. የተመሠረተው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ደግሞ የዘመኑ ምሁራን ስለ አስተዳደርና ስለ ልማድ የሚከራከሩበት መድረክ ሆኗል።

በልቦለድ በኩል ሁለት ምሳሌዎችን ብቻ ልጥቀስ። ከዳንግላ ጎረቤት ከአቸፈር ምድር የተገኘው አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» ገና ያልተወለደ ልጅ ወደዚህ ዓለም አልመጣም እያለ እንዲከራከር አድርጓል። ሰሙ ይህን ያህል የራቀ ቢሆንም መጽሐፉ ከመታገድ አልዳነም፤ ደራሲውም በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተግዟል። ሐዲስ ዓለማየሁ በበኩላቸው በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሣ ዳምጤን ፈጠሩ። ካሣ ስለ ሥርዓቱ የሚያየውን ያለ ሰም ስለሚናገር ማኅበረሰቡ «ጉዱ ካሣ» የሚል ስም አወጣለት። እዚህ ላይ የሚታየው ቅጣት ከእስርና ከግዞት የተለየ ነው። ሰውየው አልታሰረም፤ ነገር ግን እንደ እብድ በመቆጠሩ ቃሉ ዋጋ አጣ። በትንሽ ከተማ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ከወህኒ ቤት በፊት የሚያገኘው ቅጣት ብዙ ጊዜ ይህ የጉዱ ካሣ ቅጣት ነው።

የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ በርካታ የግል ጋዜጦች ብቅ አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ «ጦማር» የሚል ስም ነበረው። ጦማር በግእዝ ደብዳቤ፣ መልእክት፣ የተጠቀለለ ጽሑፍ ማለት ሲሆን ከግሪክ የተወረሰ ቃል መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ቃሉ በኋላ በኮምፒዩተር መረብ ላይ ለሚወጣው የግል ጽሑፍ መጠሪያ ሲሆን፣ በጋዜጣ ዘመን የተዘነጋውን አንድ ባሕርይ መልሶ አመጣ፤ ደብዳቤ የአንድ ሰው ነው፣ ከላኪው ስም ጋርም ይሄዳል።

ከዚህ ወገን ከሁሉ የታወቀው ጉዳይ የ«ዞን 9» ጦማርያን ነው። ወጣቶቹ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሰባሰቡ ስያሜያቸውን የወሰዱት ከቃሊቲ ወህኒ ቤት ነው። ወህኒ ቤቱ ስምንት ዞኖች ስላሉት ከአጥሩ ውጪ ያለውን አገር ዘጠነኛው ብለው ጠሩት። መፈክራቸውም የሚጦምሩት ጉዳዩ ስለሚያገባቸው መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ለ«ምን አገባህ?» ቀድመው መልስ ሰጡ ማለት ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሠሩ፤ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 መሠረትም ተከሰሱ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከቀሩት አብዛኞቹን ከሽብር ክሱ በነጻ አሰናበተ። በዚያው ጊዜ ቡድኑ የዓለም አቀፉን የጋዜጠኞች ተከላካይ ኮሚቴ ሽልማት አግኝቷል።

ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ የእነዚህ ጸሐፊዎች ስያሜ ዘይቤ ነው፤ በስያሜያቸው ሰምና ወርቅ አለ። ጽሑፋቸው ግን በስድ ንባብ፣ በስማቸውና በቀን የተጻፈ ነበር። የአዝማሪው መውጫ ቀዳዳ ለጸሐፊውም ሆነ ለተነካው ባለሥልጣን ተዘግቷል። ወርቁ ያለ ሰም ቀርቧል።

5. የአንድ ጉዳይ አምስት አነጋገር

ይህን ልዩነት ለተማሪዎቼ የማስረዳው አንድ ጉዳይ ፈጥሬ በአምስት ዓይነት አነጋገር በመጻፍ ነው። ጉዳዩም ሆነ ቃሎቹ የእኔው ፈጠራ ናቸው። በአንድ ሰፈር የውኃ ቦኖ ተበላሸ እንበል፤ ነዋሪው ለማስጠገኛ ገንዘብ አዋጣ፤ ቦኖው ግን ሳይጠገን ወራት አለፉ። እረኛው እንዲህ ይላል፦

ምንጩ ነጠፈ አሉ እኛ ሳንጠጣ፣
ማን ጠጥቶት ይሆን ሌሊት የመጣ።

ሰሙ የሌሊት አውሬ ነው፤ ወርቁ በጨለማ ገንዘቡን የወሰደው ሰው ነው። ቅሬታው አለ፣ ጥርጣሬውም አለ፤ ስም፣ ቀንና መጠን ግን የለም። ማንም አይከሰስበትም፣ ማንም አይከስበትም።

ወፏ ደግሞ ለሽማግሎቹ «ገንዘቡ የተሰበሰበው ጥቅምት ሲጠባ ነው፤ ቱቦ የጫነ መኪና ግን ወደ ሰፈሩ አልመጣም» ትላለች። እዚህ ጊዜና ነገር ገብቷል፤ ተናጋሪው ግን አልታወቀም።

ሦስተኛው ማመልከቻ ነው። «ጉዳዩ፦ የውኃ ቦኖ እንዲጠገንልን ስለመጠየቅ» ብሎ ይጀምርና «በመቸገራችን መፍትሔ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን» ብሎ ይዘጋል። አመልካቾቹ ስማቸውን ፈርመዋል። ነገር ግን ጥያቄው ወደ ልመና ተለውጧል፤ የተዋጣው ገንዘብም ከጽሑፉ ወጥቷል።

አራተኛው የጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ነው፦ «በቦኖው ላይ የአገልግሎት መቆራረጥ ያጋጠመ ሲሆን በአፈጻጸም ረገድ ክፍተት ታይቷል።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው የለም። መቆራረጡ ራሱ አጋጠመ፤ ክፍተቱም ራሱ ታየ።

አምስተኛው የከተማው ጸሐፊ ትዝብት ነው፦ «በሰፈራችን ያለው ቦኖ ከመስከረም ጀምሮ ውኃ አይሰጥም። ለማስጠገኛ ከየቤቱ 200 ብር ተሰብስቧል፤ 11 አባወራዎች ደረሰኝ አሳይተውኛል። ገንዘቡን የተረከበው ኮሚቴ ቱቦው ታዝዟል ይላል፤ የታዘዘበትን ሰነድ ጠይቄ ግን አልቀረበልኝም። ለጽሕፈት ቤቱ ጥያቄዬን በጽሑፍ ካስገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነ።»

አንባቢ ልብ ይበል፤ በአምስተኛው ጽሑፍ ውስጥ «ተበላ» የሚል ቃል የለም፤ «በላ» የሚልም የለም። የአማርኛ ግስ በአንዲት ፊደል ብዙ ነገር ይሠራል። «ገንዘቡ ተበላ» ስንል ድርጊቱን አውጀን አድራጊውን እንሸሽጋለን። «እገሌ ገንዘቡን በላ» ስንል አድራጊውን እንሰይማለን። በሁለቱ መካከል ያለችው «ተ» ናት። የሪፖርት ቋንቋ ከዚህች ፊደል ኋላ ይደበቃል፤ የሐሜት ቋንቋ ደግሞ ያለ ማስረጃ ይነቅላታል። የታዛቢው ጽሑፍ ሥራ «ተ»ን በማስረጃ ማንሣት ነው። ደረሰኙ፣ ሰነዱና የሌላው ወገን መልስ እስኪገኝ ድረስ ፊደሏ በቦታዋ ትቆያለች፤ ሲገኝ ደግሞ አድራጊውን መሰየም ግዴታ ይሆናል። አውጫጭኙ ለሽማግሎች ሰጥቶት የነበረው የማመዛዘን ሥራ አሁን በጸሐፊው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መከናወን አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛው ጽሑፍ ከሥነ ውበት አንጻር ከእረኛው ግጥም ያንሳል። ዜማ የለውም፣ በቃል አይያዝም፣ ከዓመት በኋላ ማንም አያንጎራጉረውም። ሆኖም አንድ የሚመልሰው ሰው ሊመልስለት ይችላል። ግጥሙ የሚጠብቀው መሳቅን ወይም ማፈርን ነው፤ ትዝብቱ የሚጠብቀው መልስን ነው።

6. እንጅባራና ዳንግላ፦ የቅርብ ሰው ፈተና

ዳንግላ በጽሑፍ የሚታዘባት ሰው አጥታ አታውቅም። የእንግሊዝ መንግሥት በከተማዋ ቆንስላ ነበረው፤ ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆንስልነት ሠርቶ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳትሟል። የቆንስላ ጽሑፍ ግን አንባቢው ለንደን ነው። የተጻፈባቸው ሰዎች ሊያነቡት፣ ሊያርሙት፣ «እንዲህ አይደለም» ሊሉት አይችሉም። የቅርብ ሰው ጽሑፍ ከዚህ የሚለየው በማግስቱ መንገድ ላይ የሚጠይቀው ሰው ስላለ ነው።

ይህ ግን ጥቅምም ጉዳትም አለው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ሚኒስትር የሚጽፍ ሰው ሚኒስትሩን በአካል ላያገኘው ይችላል። በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ስለ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሚጽፍ ሰው ግን ኃላፊውን በዕድር ያገኘዋል፤ በለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸው አንድ ክፍል ይማራሉ። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለው ምክር ኃይል የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። የዞን 9 ጦማርያን ሲታሠሩ ስማቸው በዓለም ዙሪያ ተነሥቷል። ከወረዳ ከተማ ለጻፈ ሰው የሚጮኽለት ሩቅ ወዳጅ ላይኖር ይችላል። ያለው ዋስትና የጎረቤቶቹ እምነት ብቻ ነው፤ ያንን እምነት የሚያገኘው ደግሞ አንድም ስሕተት ሲጽፍ በቶሎ በማረምና የማንንም ሳይበላ በመጮኽ ነው።

የአካባቢው ልማድ ለዚህ የሚረዳ ነገር አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውና በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በፈረስ ጉግሱና በሽርጡ ይታወቃል፤ በደስታና በኀዘን መረዳዳትና የተጣላን ማስታረቅም ከሥራዎቹ መካከል ናቸው። ሕዝቡ ሽማግሎች ባሉበት ነገርን ማጥራት አልረሳም ማለት ነው። ጸሐፊው ከእነዚህ ሽማግሎች ጋር መፎካከር አይኖርበትም፤ ከመጻፉ በፊት ቃሉን ወደ እነርሱ ቢያስጠጋ የቀድሞዎቹን አጣሪዎች በከፊል መልሶ ያገኛቸዋል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። በዞኑ አዊኛ (አገውኛ) እና አማርኛ ይነገራሉ፤ አዊኛ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግእዝ ፊደል ይሰጣል። የጽሕፈት ቤት ወረቀት ግን በአብዛኛው በአማርኛ ነው። አንዲት ባልቴት ስለ መሬቷ በአዊኛ የተናገረችው ቃል በጸሐፊው እጅ አማርኛ ሆኖ ሲወጣ፣ የማመልከቻ አማርኛ ሆኖ የመውጣት አደጋ አለበት። «ቀሙኝ» ያለችው «ቅሬታ አለኝ» ይሆናል። ጸሐፊው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ከሆነ የተናገረችውን በራሷ ቋንቋ አስቀምጦ ትርጉሙን ከጎኑ ቢያደርግ ማስረጃው ይጠነክራል፤ ለአዊኛ የጽሑፍ ስድ ንባብም አንድ እርምጃ ይሆናል።

የሚታዘበው ነገር አይጠፋም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው እህል ይዘራበት የነበረውን ማሳ ዲከረንስ ተክሎበት ከሰል እያከሰለ ኖሯል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን በሽታ መታው። የቅጠሉን መለወጥ ቀድሞ የሚያየው ማሳው ዳር የሚውል ሰው ነው። ከመተከል ተፈናቅለው በ2013 ዓ.ም. በቻግኒ ራንች መጠለያ የሰፈሩት ወገኖች ምን እንደደረሳቸውና ምን እንደቀረባቸው የሚያውቀውም አጠገባቸው የነበረ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ መረጃ እንደገና በአፍ ብቻ የሚሄድ ሆነ። ስምም፣ ቀንም፣ ደረሰኝም የሌለው ወሬ ቦታውን ያዘ። እረኛው ሲመለስ ሽማግሎቹና ጠያቂው አብረውት አልተመለሱም። ሕጉን በሚመለከት የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመረብ የሚሠራጭ መገናኛን ያካትታል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። የሕጎቹ አፈጻጸም የሌላ ሙያ ጉዳይ ነው፤ በእኛ በኩል ግን ሁለቱም ለጸሐፊው የሚያሳስቡት አንድ ነገር ነው፤ የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ በማስረጃ እንዲያቆም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የማኅበረሰብ ታዛቢ በቋንቋችን ጥንታዊ ሰው ነው። በእረኛው ግጥም፣ በአዝማሪው ሰምና ወርቅ፣ በአውጫጭኙ ወፍ፣ በእጅ በተጻፈው ጋዜጣና በጉዱ ካሣ አፍ ተናግሯል። የዛሬው የከተማ ጸሐፊ ከእነርሱ የወረሰው ድፍረቱን ነው። የጎደሉበት ሁለት ነገሮች የሚያጣራለትና የሚጠይቀው ናቸው። የመጀመሪያውን በራሱ ዓረፍተ ነገር ጥንቃቄ በከፊል ሊተካው ይችላል። ሁለተኛውን ግን ብቻውን ሊፈጥረው አይችልም፤ ይህ የአስተዳዳሪውና የአንባቢው ድርሻ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች በበኩላቸው ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ሥራ ይታየኛል። ተማሪዎቻችን የእረኛ ግጥምና ሙሾ እየሰበሰቡ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ መልካም ነው። በየከተማው የሚወጡት ትዝብቶች ግን ጥቂት ከቆዩ በኋላ ከመረቡ ይጠፋሉ፤ የሚሰበስባቸውም የለም። ከእንጅባራና ከዳንግላ የሚመጡ ተማሪዎች ከየሰፈራቸው እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች በጸሐፊዎቹ ፈቃድ፣ የተጎጂዎችን ስም እየጠበቁ፣ ከእነ ቀናቸውና ከተሰጣቸው መልስ ጋር ቢሰበስቡ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የዘመናችን የአማርኛና የአዊኛ ስድ ንባብ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እናውቃለን። ሁለተኛ፣ ከተጻፉት ጥያቄዎች ውስጥ ስንቶቹ መልስ እንዳገኙ መቁጠር እንችላለን።